ለተመለሰው አውቶቡስና ላልተመለሱት ልጆች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ኦግንያን ራሼቭ
የሬችኒክ ከተማ የማኅበራዊ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎና በቅርቡ በከተማው አዳራሽ ያን ከባድ የክብር ሐውልት ሲቀበሉ ትንሽ ጎበጥ ላለው ወገብዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። በዚህ ወቅት ከዳኑብ ወንዝ የሚነሣው ጉም ለአጥንት ደግ አይደለም፤ ይሁን እንጂ እርስዎ በላይኛው ሰፈር ስለሚኖሩና ጉሙም እንደሌላው ችግራችን ሁሉ ወደ ላይኛው ሰፈር መውጣት ስለማይደፍር ያን ያህል አልሰጋሁም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ኤቭዶኪያ ማሪኖቫ እባላለሁ፤ ሰፈርተኛው ዶካ ይለኛል። ከሐዲድ ማዶ ባሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ ነኝ። የከተማችን ቲያትር ቤት እስኪዘጋ ድረስ ሥራዬ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ቃል ለጠፋባቸው ተዋንያን ቀጣዩን ቃል በሹክሹክታ ማቀበል ነበር። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር አልለመድኩም፤ ዛሬ በጋዜጣ መጻፌ እንደ ድፍረት ቢቆጠርብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሽልማቱን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ላይ «የተቀናጀው አሠራራችን» እያሉ ሲናገሩ፣ አንዳንድ ስሞች የጠፉብዎት መስሎኝ ከወንበሬ ላይ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አመሸሁ። ሩቅ ስለነበርኩ አልሰሙኝም። አሁን በጽሑፍ ላቀብልዎ፤ ምስጋናዬንም በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ችግራችን እንዴት እንደተጀመረ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። በዚያ መኸር ከተማው ወጪ ለመቀነስ ብሎ ከፋብሪካው ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣውን የምሽት አውቶቡስ አስቀረ። መዋዕለ ሕፃናቱ ደግሞ ሞግዚት አጣሁ ብሎ በአሥር ሰዓት መዝጋት ጀመረ። የልብስ ስፌት ፋብሪካውም ዕቃ የሚጭነው መኪና ዘግይቶ ስለሚመጣ የቀን ፈረቃውን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አራዘመ። ሦስቱም ውሳኔዎች በየራሳቸው ስብሰባ፣ በየራሳቸው ቡናና ብስኩት፣ እጅግ ምክንያታዊ ሆነው የተወሰኑ ናቸው። ስለ አውቶቡሱ የጽሕፈት ቤትዎ አስተያየት ተጠይቆ «በነዋሪው ላይ የሚያስከትለው ማኅበራዊ ተጽእኖ የለም» ብላችሁ መመለሳችሁንም ከንቲባው ራሳቸው ለሰፈሩ ሰው ነግረውናል። እንዲህ ያለ ጽኑ እምነት በዘመናችን ብርቅ ነው።

የማይኖረው ተጽእኖ መጀመሪያ የደረሰው ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ላይ በምትኖረው በሚግሌና ዘንድ ነው። ሚግሌና በዚያ ፋብሪካ የደንብ ልብስ ኮሌታ የምትሰፋ፣ ሣቋ የሚቀድማት ወጣት እናት ነበረች። ባሏ ጀርመን አገር ከባድ መኪና ሊነዳ ሄዶ በመጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ በሰው በኩል ሰላምታ ይልክ ነበር፤ በመጨረሻ ሰላምታውም ቀረ። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ካሊና ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ያና ደግሞ የአራት። አውቶቡሱ ከቀረ ወዲህ እናታቸው በሐዲዱ ድልድይ ላይ፣ ከዚያም በጎመን እርሻው መሐል በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ እስክትደርስ ይጨልማል። ካሊና ከትምህርት ቤት ስትወጣ ታናሿን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ትቀበልና ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ቁልፉን እናታቸው አትሰጣቸውም፤ ቤቱ የሚሞቀው በእንጨት ምድጃ ስለሆነ ያና እሳቱን ትነካለች ብላ ትፈራለች።

አንድ ቀን ወደ ማታ በደረጃው ላይ ሹክሹክታ ሰማሁ። ሹክሹክታ ደግሞ ሙያዬ ስለሆነ ጆሮዬ አያልፈውም። ካሊና ጎረቤት እንዳይቆጣ ድምፅዋን ቀንሳ ታናሿን ፊደል ታስቆጥራለች። በሬን ከፈትኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬ ለእነሱ ተዘግቶ አያውቅም። እርጎ በዱባ፣ ዳቦ በቲማቲምና በቃሪያ ድልህ፣ ሲገኝ ደግሞ በአይብ የተጋገረች ባኒጻ አቀርብላቸው ነበር። ያና ሶፋዬ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች፤ ካሊና የቲያትር ቤቱን የድሮ ድራማዎች እያነበበች በየሰውየው ድምፅ ትጫወታቸዋለች። ባለቤቴ ሜቶዲ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ሬዲዮኑን ቀኑን ሙሉ ከፍቼ እተወው ነበር። እነሱ መምጣት ሲጀምሩ ሬዲዮኑን መክፈት ረሳሁ። የረሳሁ መሆኔን እንኳ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በክረምቱ መግቢያ የዓይን ሞራዬን ለማስገፈፍ ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ሄድኩ። ሚግሌና እኔ እስክመለስ ድረስ ቀደም ብላ እንድትወጣ የፈረቃ አለቃዋን ለምና ነበር፤ አልፈቀደላትም። ልጆቹም እንደገና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከምድር ቤት ያለ አንድ ጎረቤታችን አዝኖ ወደ ሕፃናት ጥበቃ ስልክ ደወለ። ሰው መጥቶ ሙቀት ያለበት ቦታ እናታቸው እስክትመጣ ያቆይልኛል ብሎ ነበር፤ ዛሬም እኔን ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል። ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ወጣት ሠራተኞች መጡና ልጆቹን በመኪና ወሰዱ። ሚግሌና ስትደርስ በመኪና ሦስት ሰዓት በሚያስሄድ ከተማ ወደሚገኝ የሕፃናት ማቆያ ተልከው ነበር። ለዓመታት የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ጠግኑልን ስንል ያልተንቀሳቀሰ መንግሥት በአንድ ምሽት ይህን ያህል ሲሮጥ ማየት ያኮራል።

በማግስቱ ሚግሌና ጽሕፈት ቤትዎ መጥታ አውቶቡሱ እንደቀረ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ቀድሞ እንደሚዘጋ፣ አለቃዋም እንደከለከላት ስታስረዳዎ የሰጧትን መልስ ቃል በቃል ነግራኛለች። «ወይዘሮ፣ እኛ ሥራችን ልጅ መጠበቅ ነው። የአውቶቡስ ሰዓት አይመለከተንም» ብለዋታል። እኔ ብዙ ደራሲ የጻፈውን ቃል ለብዙ ተዋናይ አቀብያለሁ፤ አንድ ባለሥልጣን የገዛ ራሱን ስንፍና በዚህ አጭር ንግግር ሲገልጸው ግን ሰምቼ አላውቅም። ሚግሌና ከፊትዎ ወጥታ የት እንደምትሄድ ስላላወቀች ወደ ሥራዋ ሄደች። የዚያን ዕለት የሰፋቻቸውን ኮሌታዎች በሙሉ ገልብጣ ሰፍታቸው ነበር አሉ፤ ጓደኞቿ አለቃው ሳያይ ፈትተው መልሰው ሰፉላት።

ሦስተኛውን ምስጋና ከመጻፌ በፊት አንድ የጠፋብዎትን ስም ላቀብልዎ። ኔዳ ቶንቼቫ ትባላለች። የሕፃናት ጥበቃ ክፍልዎ ኃላፊ ነበረች። ልጆቹ በተወሰዱበት ሳምንት አባቷን ልትቀብር ገጠር ሄዳ ስለነበር በእሷ ቦታ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ስትመለስ ልጆቹ እዚያው እንዲቆዩ የሚያዘውን ወረቀት ፈርሚ ተባለች። አልፈረመችም። ሌላ ሰው ቢሆን ባለመፈረሙ ኮርቶ ቤቱ ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ሐዘኗን እንኳ ሳትጨርስ፣ ጥቁር ሻርፗን እንዳጠለቀች፣ በዚያች ቀለሟ በለቀቀ ብስክሌቷ ወደ እኛ ሰፈር መጣች።

እኔ ያኔ አንድ ዓይኔ እንደታሸገ ተመልሼ ነበር። በሬን ስታንኳኳ ከጽሕፈት ቤትዎ መሆኗን ስሰማ መልሼ ልዘጋባት ፈለግሁ። ሚግሌና ምን ዓይነት እናት ናት፣ ትጠጣለች ወይ፣ ወንድ ይመጣል ወይ ብላ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ወጥ ቤት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። አንድ ተራ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ምን እንደሚመስል እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ስነግራትም አላቋረጠችኝም። ከዚያ ወርዳ ልጆቹ ይቀመጡበት በነበረው ደረጃ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ሚግሌና እስክትመጣ ድረስ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ቀን ከፋብሪካው በር ጀምራ ከሚግሌና ጋር በእግሯ መጣች። በሚቀጥሉት ቀናት የሌሎቹን ሕንፃዎች ደረጃዎች ዞረች፤ በየደረጃው ልጆች አገኘች፤ በየጎመን እርሻው መሐል የሚሮጡ እናቶች አገኘች። ከእነዚህ መሐል የአንዳንዶቹ ስም «ቸልተኛ» በሚል በጽሕፈት ቤትዎ ተይዞ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ ዙረት ስትመለስ እግሯን ምድጃዬ አጠገብ እያሞቀች ያለችኝን አልረሳውም። «እማማ ዶካ፣ እዚህ ሰፈር ብዙ መጥፎ እናት የለም። አንድ የቀረ አውቶቡስ ነው ያለው።»

እንደ ተማረ ሰው ይህን በትልቅ ቃል ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ አልነገረችኝም። ነገሩ የአንድ ሰው ጥፋት ሳይሆን የተያያዘ ነገር መሆኑን፣ አንዱን ክር ጎትተው ሲያጠብቁ ሌላው ቦታ የሚተረተር መሆኑን፣ የሚተረተረውም ሁልጊዜ በአንድ በኩል መሆኑን እኛው እንድናየው አደረገች። ልጆቹን ከወሰዱት ወጣቶች አንዷ፣ ራሊትሳ የምትባለው፣ ሥራ ልትለቅ ነበር። ሌሊት ሌሊት የያና ልቅሶ ይሰማኛል ትል ነበር። ኔዳ አልገሠጸቻትም፣ አላባበለቻትምም። «ያደረግሽው የታዘዝሽውን ነው። አሁን ለምን እንዲህ ተብሎ እንደሚታዘዝ አብረን እንጠይቅ» አለቻትና ይዛት መጣች። ራሊትሳ ሚግሌና ፊት ደርሳ በሩ ላይ ቆመች። ሚግሌናም ወንበር ሳበችላት። ክቡርነትዎ ስለ አመራር ሥልጠና ሲሰጡ የሚያሳዩት የክብና የቀስት ሥዕል እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ያቺ ወንበር ያለችበት አይመስለኝም።

እንግዲህ ሦስተኛው ምስጋናዬ አዳራሽዎን ስለከለከሉን ነው። ኔዳ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ላሰባስብ ብላ ስትጠይቅዎ አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ነው አሏት። በዚያው ሳምንት የምክትልዎ ልጅ የልደት በዓል እዚያ መከበሩን የሰማን ቢሆንም፣ ቀለሙ ቶሎ የሚደርቅ ዓይነት ይሆናል ብለን በበጎ ተረጎምነው። እኔ የተዘጋውን ቲያትር ቤት የጎን በር ቁልፍ አስረክቢ ያለኝ ሰው ስላልነበረ እስከዛሬ በእጄ ነው። በመግቢያው አዳራሽ ውስጥ አቧራውን ጠርገን፣ ከመልበሻ ክፍሎቹ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። የአውቶቡሱ ኃላፊ መጣ፤ የመዋዕለ ሕፃናቷ ርእሰ መምህርት መጣች፤ ከፋብሪካው የአስተዳደር ሹሙ መጣ። ኔዳ መጀመሪያ የመናገር ተራውን ለእናቶቹ ሰጠች፤ ባለሥልጣኖቹ እንግዳ ነገር ስለሆነባቸው ኮታቸውን ሳያወልቁ አዳመጡ።

ከዚያ እያንዳንዳቸው ተናገሩ፤ እውነታቸውን ነበር። የአውቶቡሱ ኃላፊ ማታ ተሳፋሪ የለም አለ፤ ፈረቃው ከተራዘመ በኋላ የመጨረሻው አውቶቡስ ሠራተኛው ሳይወጣ ይሄድ ስለነበር ባዶውን መጓዙን ማንም አልነገረውም። የፋብሪካው ሰው ሰዓቱን ያራዘምነው በጭነት መኪናው ምክንያት ነው አለ። ርእሰ መምህርቷ ሞግዚት የለኝም አለች። እያንዳንዱ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ሲቀስር ኔዳ ጣታቸውን ተከትላ ዞረችና የአውቶቡሱን ኃላፊ ላይኛው ሰፈር የሚሄደው የምሽት አውቶቡስ ስንት ሰው ይዞ እንደሚሄድ ጠየቀችው። እሱም ባዶውን ይሄዳል አለ። ታዲያ ያኛው ለምን አልተቀነሰም አለችው።

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ትንሽ አሰበና እውነቱን ነገራት። «እዚያ ሰዎቹ ይደውላሉ» አላት።

ያን ጊዜ ሚግሌና፣ እስከዚያ ድረስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው፣ ድምፅዋን ሳትጨምር «እኛም ስልክ አለን። የጠፋው የሚያነሣልን ነው» አለች።

እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጭብጨባ ሰምቻለሁ። የዚያን ዕለት ያጨበጨበ የለም፤ ግን ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። እርስዎ ወደ ማብቂያው መጥተው በሩ ላይ ቆመው እንደነበር አስታውሳለሁ። ኔዳን ከሥልጣንሽ ወሰን ውጭ ነሽ ብለዋት ወጡ። በሩን ሲወጡ ቀስ ብለው ስለዘጉልን ደግሞ አመሰግናለሁ፤ ማጠፊያው አሮጌ ነው።

ውጤቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ተሸልመውበታልና። በጸደይ አውቶቡሱ ተመለሰ። ልጅ ያላቸው ሠራተኞች ቀድመው የሚወጡበት ፈረቃ ተዘጋጀ። መዋዕለ ሕፃናቱ ከሰፈራችን ሥራ ያጡ ሁለት እናቶችን ቀጥሮ ማታ ድረስ ክፍት ሆነ። ጽሕፈት ቤትዎ ተራቸውን ይጠብቁ ከነበሩት ልጆች አንዱንም አልወሰደም። አሁን በሰፈራችን ደረጃ ላይ የሚቀመጥ ልጅ የለም። ከሐዲድ ማዶ ያሉ እናቶች ከሥራ መጥተው ልጆቻቸውን በብርሃን ያገኛሉ።

ከአንዷ በቀር።

አራተኛው ምስጋናዬ እንግዲህ ስለዚህች አንዷ ነው፤ ወይም አምስተኛው ይሆናል፣ የበሩን ከቆጠርነው። የሚግሌናን ልጆች ለመመለስ ጽሕፈት ቤትዎ ለፍርድ ቤቱ አንድ ነገር መናገር ነበረበት፤ ጥፋቱ የእናትየዋ አልነበረም ብሎ። ይህን ማለት ደግሞ ታዲያ የማን ነበር የሚል ጥያቄ ያስከትላል። እርስዎ ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ ያንን ጥያቄ ማንም እንዳይጠይቀው ነገሩን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ አስተላለፉት። አውቶቡሱ ሲመለስ፣ ፈረቃው ሲስተካከል፣ ልጆቹ የተወሰዱበት ምክንያት የተባለው ሁሉ ሲወገድ፣ የተወሰዱት ልጆች ብቻ እዚያው ቀሩ። እኔም ልመስክር ብዬ መጥቼ ነበር። ጎረቤት እውቅና ያለው ድጋፍ ስላልሆነ ቃሌ አይያዝም አሉኝ። እድሜ ይስጥዎ፣ ምን እንዳልሆንኩ በዚህ እድሜዬ ተረዳሁ።

ሚግሌና መጠበቁ ሲያቅታት ሥራዋን ለቀቀች። ልጆቹ ያሉበት ከተማ ሄዳ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች እሑድ እሑድ ልጆቿን ማየት ጀመረች። የሄደች ዕለት ዕቃዋን ስንጭን የቤቷን ምድጃ ደጋግማ ነካችው፤ ጠፍቷል ወይ ብላ ይመስለኛል። በመጨረሻ የዚያ ከተማ ዳኛ፣ የእርስዎን አስተያየት መጠበቅ የሰለቻት ሴት መሆኗ ይነገራል፣ ልጆቹን ለእናታቸው መለሰች። በዚያን ጊዜ የያና የመጀመሪያ ጥርሶች መነቀል ጀምረው ነበር።

እኔ ይህን ስሰማ ቤታቸውን ከፍቼ አናፈስኩ፣ መስኮታቸውን አጠብኩ። አውቶቡሱ ተመልሷል፣ ሁሉም ተስተካክሏል፣ ኑ አልኳት በስልክ። ሚግሌና «እማማ፣ እዚያ እኮ በራችንን ያውቁታል» አለችኝ። ያውቁታል ያለችው እናንተን ነው፣ ክቡር ሆይ። ሌባ በሩን ያወቀበት ቤት ውስጥ ሰው እንደማይተኛው ማለቷ ነው። ልጅ ለመጠበቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት በአንዲት እናት ዘንድ እንዲህ ያለ ስም ማትረፉ በሽልማት ሐውልቱ ላይ ቢቀረጽ ኖሮ እንዴት ባማረ ነበር።

ኔዳንም ሳላነሣ አላልፍም። ከወሰኗ ውጭ ሆና ሰፈር ስላዳነች በጠረፍ አጠገብ ወዳለች መንደር፣ አንድ ክፍልና አንድ ምድጃ ወዳለው ቅርንጫፍ አዛወሯት፤ በደብዳቤው ላይ «እንድታርፍ» ተብሏል። በበጋ ሄጄ ጎበኘኋት። አረፍ አላለችም፤ የመንደሩ ሐኪም የሚመጣበት ቀንና አውቶቡስ ያለበት ቀን ለምን አይገጥሙም ብላ ስታጣራ አገኘኋት። ከስታ ነበር። ድሮ እየሮጡ የሚከተሏት የክፍሏ ወጣት ሠራተኞች እርስዎን ፈርተው አይደውሉላትም፤ ራሊትሳ ብቻ አልፎ አልፎ ከመንገድ ላይ ትደውላለች አለች። ማታ ስለያት «ብቻዬን መሆኑ አይደለም የከበደኝ። ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው ማጣቴ ነው» አለችኝ። እኔ ልክ ነሽ አልኳት። ሣቀች፤ «እማማ፣ እርስዎ ያዳላሉ» አለችኝ። አዎ፣ አዳላለሁ። እርስዎ ከመድረክ ሆነው ሲያመሰግኑ ሾፌሩን፣ ቀለም ቀቢውን፣ ፎቶ አንሺውን ሲጠሩ ስሟን እጠብቅ ነበርና።

ቀጣዩ ምስጋና ስንተኛ እንደሆነ ጠፍቶኛል፤ ስለ ራሴ ስለሆነ ቁጥር ባይኖረውም ግድ የለም። አሁን ምሽት ምሽት በመስኮት እቆማለሁ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመጣል፤ ሰዎች ይወርዳሉ፤ በየደረጃው የእግር ድምፅ ይሰማል፤ ከሁለተኛ ፎቅ ዘልቆ ወደ እኔ የሚወጣ ግን የለም። አንዳንድ ቀን ሻርፔን ለብሼ እሳፈርና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ሰው መሐል ለመቀመጥ ያህል። ሾፌሩ ለምዶኛል። «ዛሬም የትም ነው እማማ?» ይለኛል። «ዛሬም የትም» እለዋለሁ። ሬዲዮኑን እንደገና ከፍቻለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ሳይዘነጋ «ብቸኛ አረጋውያን» በሚለው አዲስ አገልግሎት ውስጥ ስላስገባኝ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስ። በየሳምንቱ አንዲት ድምፅዋ የሚያምር ልጅ ትደውልልኛለች። ብቸኝነት የሚሰማኝ ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ ወይስ በጭራሽ መሆኑን ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን፣ ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ብለሽ ለምን አትጠይቂኝም አልኳት። እሱ ጥያቄ የለም አለችኝ፤ አዝናለች፣ ከድምፅዋ አውቄአለሁ። ቤቴን ማን ባዶ እንዳደረገው ሳይጠይቁ የባዶነቱን መጠን መለካት ከእርስዎ የአሠራር ፍልስፍና ጋር ፍጹም የሚስማማ በመሆኑ አልተገረምኩም። ሚግሌናን ያለ አውቶቡሷ አዩአት፤ እኔንም ያለ ሚግሌና አዩኝ።

ስለሆነም የማቀርባቸው ልመናዎች ጥቂት ናቸው። ኔዳ ቶንቼቫን ወደ ቦታዋ ይመልሱልን። ለሚግሌና ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም ብለው በፊርማዎና በማኅተምዎ ይጻፉላት፤ ልጆቿ አድገው እናታችን ለምን ተለየችን ሲሉ የምታሳያቸው ነገር ያስፈልጋታል። በተረፈ ሐውልቱን ይያዙት፤ ከባድ ነው፣ እኛ ሰፈር የሚያስቀምጠው ጠረጴዛ የለም።

ውድ ጊዜዎን በማይመለከትዎ የአውቶቡስ ወሬ ስለወሰድኩብዎ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቤትዎ በልጅ ድምፅ የተሞላ፣ ስልክዎም ሁልጊዜ የሚነሣልዎ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ለላቀው አመራርዎ ባለኝ ወሰን የለሽ አድናቆት እሰናበትዎታለሁ።

እውቅና የሌለው ድጋፍዎ፣
ኤቭዶኪያ ማሪኖቫ
ሬችኒክ፣ ከሐዲድ ማዶ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው እሑድ ወደ ሚግሌና ደውዬ ስልኩን ያነሣችው ያና ነበረች። እኔ ነኝ፣ ዶካ ነኝ ብላት አላወቀችኝም። ከሶፋዬ ላይ ጫማዋን አውልቂ ቢሏት አሻፈረኝ ትል የነበረችው ልጅ አሁን በጣም ጨዋ ሆናለች፤ በማቆያው በደንብ አስተምረዋታል፤ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ድምፅዋን አስተካክላ፣ አንቱ ብላ፣ ልክ እንደ ጸሐፊዎ፣ «እናቴ የለችም፤ ማን ነዎት ልበላት?» አለችኝ።